ሦስተኛው ክምር

ወይዘሮ ትብለጥ ማረፋቸውን የሰማሁት እሑድ ጠዋት፣ የሌላ ሰው ዜና እያረምኩ ሳለ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ዓለሚቱ ነበረች። ዓለሚቱ በልጅነቷ ስለመጣች አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ ብቻ አወራችኝ።

«እማዬ ዐርፋለች። ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ ቀበርናት። አንተን ሳንጠራህ ቀረን፤ ይቅርታ።»

ዕድሜያቸውን ጠየቅኳት። የሙያ ልማድ ነው፤ ሰው ሲሞት አስቀድሜ ስሙን፣ ቀጥዬ ዕድሜውን እይዛለሁ።

«በመታወቂያዋ ሰማንያ አራት ነው» አለችኝ። «እሷ ግን መታወቂያው ያሳንሰኛል ትል ነበር። አንተ እንደፈለግህ ጻፈው።»

እንደፈለግሁ መጻፍ አላውቅበትም። «ከሰማንያ በላይ» ብዬ ያዝኩ።

በማግስቱ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ሻአሪያ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ለለቅሶ ሄድኩ። ሰዉ ወንበር እየተለቃቀቀ ስለ እሳቸው ያወራል። አንዱ፣ በሱዳን በኩል በእግር ሲመጡ የሌላ ሰው ልጅ አዝለው እንደነበር ተናገረ። አንዷ ደግሞ አብረዋት ፋብሪካ ሲያጸዱ አለቃውን እንዴት እንዳሳፈሩት አስታወሰች። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ክፋር ጋኒም በሚባለው የከተማው ሰፈር ውስጥ፣ በአንዲት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሠሩትን ግን ያነሳ አልነበረም። ያንን ያየነው አራት ሰዎች ነበርን፤ አሁን በሕይወት የቀረነው ሁለት ነን። የዚያን ጊዜ ማስታወሻ ደብተሬ በእጄ ነው። ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

እትዬ ትብለጥን ያወቅኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። እሳቸው ገና መግባታቸው ነበር። እኔ ጥቂት ዓመታት ቀድሜ ስለገባሁ ዕብራይስጡን ይዤዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ለአዲስ ገቢዎች በአማርኛ ለምትታተም ትንሽ ጋዜጣ እዘግባለሁ፣ በቀረኝ ሰዓት አስተረጉማለሁ። ጎረቤት ነበርን፤ እሳቸው ምድር ቤት፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። «አንተ ወሬ ለቃሚ» ነበር የሚሉኝ።

«ዛሬስ ምን ለቀምህ?»

«የአውቶቡሱ መስመር ሊቀየር ነው፣ እትዬ።»

«ለዚህ ነው ደብተር የያዝኸው? እኔ ፌርማታው ላይ ቆሜ አውቄዋለሁ።»

ከጎንደር ከተማ ብዙም ከማይርቅ መንደር የመጡ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እናታቸውም አያታቸውም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ጎበዝ መሆናቸውን የነገሩኝ እሳቸው ሳይሆኑ ከዚያው መንደር የመጡ ሰዎች ናቸው። ገበያ ሲወጡ የእሳቸው እንስራ ቀድሞ ያልቅ ነበር አሉ። እነዚያው ገዢዎች ግን እንስራውን በአንድ እጅ እየተቀበሉ በሌላው ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፤ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ስለሚባል። ይህን ያጫወቱኝ ያለ ምሬት ነው።

«እጄን ይወዱታል፣ ዓይኔን ይፈሩታል» አሉኝ። «እጅ ብቻውን እንስራ የሚሠራ ይመስል።»

ፔታህ ቲክቫ ከገቡ በኋላ ጭቃ አልነኩም። ሥራቸው ጽዳት ሆነ። ዓይናቸው ግን ሥራ አልፈታም። የሸክላም ይሁን የብርጭቆ ዕቃ ሲገዙ በጥፍራቸው መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። አንድ ቀን ገበያ አብሬያቸው ስሄድ አንድ የሻይ ኩባያ መታ አድርገው መለሱት። ባለሱቁ ቅር አለው።

«አዲስ ነው። ዛሬ ጠዋት ነው ከካርቶን ያወጣሁት» አለ። ተረጎምኩላቸው።

«አዲስ አይደለም አላልኩም። ሲሠራ ነው የታመመው በለው።»

ባለሱቁ ሳቀና ኩባያውን ከራሱ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ሻይ ሞላው። ሦስታችንም ቆመን አየን። ትንሽ ቆይቶ የኩባያው ሆድ ላብ አወጣ፤ ከዚያም በቀጭኑ ወደ ጠረጴዛው ወረደ። ከዚያ ወዲህ ባለፍን ቁጥር አዲስ የመጣ ዕቃ ካለው «ሳብታ» እያለ ይጠራቸዋል፤ አያቴ ማለቱ ነው። እሳቸውም «ያላ፣ አምጣው» ይላሉ። በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ዶክተር ሩትን ያገኘኋት በእሳቸው በኩል ነው። ሩት ያኔ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጊዜያዊ ውል የምትሠራ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበረች። ቢሮዋን ከሌላ ሰው ጋር ስለምትጋራ ሥዕሎቿን ክፋር ጋኒም ወደሚገኘው ቤቷ አምጥታ የምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታቸዋለች። እትዬ ትብለጥ እሑድና ረቡዕ ጠዋት ቤቷን ያጸዱላት ነበር።

አንድ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሩት ደወለችልኝ። «እባክህ ና። አልተቆጣሁም። ግን ምን እንዳደረጉ መጠየቅ አለብኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ግን የቁጣ ነበር።

ስደርስ ጠረጴዛው ያበራል። እትዬ ትብለጥ ጨርቃቸውን ይዘው በሩ ጋ ቆመዋል። ሩት ከጠረጴዛው ወዲህ ቆማ ሁለት የወረቀት ክምር ታያለች። ወረቀቶቹ የጋላክሲ ፎቶግራፎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የመዳፍ ስፋት ያላቸው፣ ሰማዩ ነጭ ጋላክሲው ጥቁር ሆኖ የታተመባቸው። ሩት በመለያ ቁጥራቸው በረድፍ ደርድራቸው ነበር። እትዬ ትብለጥ ጠረጴዛውን ለመወልወል አንስተዋቸዋል። ሲመልሷቸው ግን ለሁለት ከፍለው ከመሯቸው።

«ለምን?» አለች ሩት። «ይህን ብቻ ጠይቅልኝ።»

«ተደባልቀው ስላገኘኋቸው ነው» አሉ እትዬ።

«አልተደባለቁም። በቁጥር ነበሩ።»

«ቁጥሩን እኔ አላነበውም። የተነካውንና ያልተነካውን አንድ ላይ አድርጋው ነበር። በእኛ ሥራ እንዲህ አይደረግም። የተነካ ዕቃ ካልተነካው ጋር እሳት አይገባም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሩት አላወቀችም፤ እኔም አላወቅኩም። አስረዱን። እንስራ ተሠርቶ ጥላ ውስጥ ሲደርቅ ሁለቱ ከተጠጋጉ ይነካካሉ። የተነካው ቦታ ይጎደጉዳል። ሸክላ ሠሪዋ በእርጥቡ ትገፋዋለች፣ ታለሰልሰዋለች፣ ለዓይን ደህና ይመስላል። እሳት ሲገባ ግን እዚያችው ቦታ ላይ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከመተኮሱ በፊት ዕቃው ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል፤ ነክቶት የሚያውቅ ነገር ያለበት ለብቻው ይቀመጣል። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የሠሩት ሥራ ነው። እነዚያን ጥቋቁር ምስሎች ሲያዩ እጃቸው በራሱ ለያቸው።

ሩት ሁለተኛውን፣ የተነካውን ክምር አንስታ አንድ በአንድ ገለጠችው። ቁጣዋ ሲጠፋ አየሁ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሥራዋን ታስረዳኝ ጀመር፤ ለእሳቸው እንድነግራቸው።

አብዛኛው ጋላክሲ መሃሉ ጸጥ ያለ ነው አለች። አንዳንዱ ግን እምብርቱ ብቻውን፣ ዙሪያውን ካሉት ከዋክብት ሁሉ ጋር የሚፎካከር ብርሃን ይረጫል። ንቁ እምብርት የሚሉት ይህን ነው። እዚያ መሃል እጅግ ከባድ የሆነ ጥቁር ጉድጓድ አለ ብለው ያስባሉ። ብርሃኑ ከጉድጓዱ የሚወጣ አይደለም፤ ወደዚያ እየተሽከረከረ ሲወድቅ፣ እየተፋተገ ከሚግለው ጋዝ ነው። ጥያቄው ታዲያ ጋዙን ወደ መሃል የገፋው ምንድን ነው የሚለው ነው። ጋዝ በጋላክሲው ዙሪያ ሲዞር ይኖራል እንጂ ያለ ምክንያት አይወድቅም። እሷና አንዳንድ ባልደረቦቿ የሚጠረጥሩት ሌላ ጋላክሲን ነው። ሌላ ጋላክሲ ተጠግቶ ሲያልፍ ወይም ሲጋጭ፣ ስበቱ ጋዙን ከመንገዱ ያስወጣዋል፤ ጋዙ ወደ መሃል ይወርዳል፤ ተኝቶ የነበረው እምብርት ይነሳል።

«ታዲያ ምን ቸገራት?» አሉ እትዬ።

የቸገራት የገዛ ዓይኗ ነበር። ከሥዕሎቹ ውስጥ የትኛው ንቁ፣ የትኛው ጸጥ ያለ እንደሆነ በቃሏ ታውቃለች። ንቁውን ስታይ ጠባሳ ትፈልጋለች፣ ታገኛለችም። ጸጥ ያለውን ስታይ ቶሎ ታልፋለች። ተማሪዎቿም እንደዚያው ናቸው። ለማመሳከር ምንም የማያውቅ፣ ግን የሚያይ ሰው ያስፈልጋት ነበር።

«ምንም የማያውቅ» የሚለውን ስተረጉም ትንሽ አለዘብኩት። እትዬ ትብለጥ ገባቸው።

«ሳታለሳልስ ንገረኝ። የማያውቅ ነው ያለችው?»

«ስለ ሰማይ የማያውቅ ማለቷ ነው፣ እትዬ።»

«እውነቷን ነው። ወለሉስ?»

«ወለሉ ይቆይ» አለች ሩት።

«በሰደር» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ ጨርቃቸውንም አጠፉ።

እንዲህ ተጀመረ። እሑድና ረቡዕ እትዬ ትብለጥ በመጀመሪያ ወጥ ቤቱን ያጸዳሉ፤ እሱን አልተዉም። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣሉ። እኔ ሥራ ካልያዘኝ ጎን እቀመጣለሁ። አሠራራቸውን ሩትም እኔም ለመድነው። ወረቀቱን ይዘቀዝቁታል። በአውራ ጣታቸው የጋላክሲውን እምብርት ይሸፍኑታል። ከዚያ ጠርዙን፣ የሚደበዝዝበትን ቦታ ብቻ፣ ቀስ ብለው ዙሪያውን ያያሉ።

«መሃሉን ለምን ይሸፍኑታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መሃሉ ይጮሃል። ገበያ ላይ ሻጭ የሚያሳምረው የእንስራውን አፍ ነው። አንተም እንዳንተ ያለው ወሬ ለቃሚም አፉን አይታችሁ ትገዛላችሁ።»

ይህን ለሩት ስነግራት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ንቁውን ከጸጥተኛው የሚለየው የእምብርቱ ብርሃን ነው። እሱን በጣት ሸፍኖ የሚያይ ሰው ሳያስበው እንኳ ሊያደላ አይችልም።

ሌላም ነገር ነበር። በሥዕል ላይ ጎን ለጎን የሚታይ ሁሉ ጎረቤት አይደለም፤ አንዱ እጅግ ርቆ ከኋላ ሊሆን ይችላል። እትዬ ትብለጥ ግን ሁለት ጋላክሲ አጠገብ ለአጠገብ ስላዩ ብቻ «ተነካኩ» አይሉም። አንዱ ላይ ጉዳት ካገኙ ሌላውንም ይመረምራሉ። «የተጋጩ ከሆነ ሁለቱም ምልክት ይይዛሉ። ይህ ደህና ነው፣ ያም ደህና ነው። በቃ፣ ቆመው ነው እንጂ አይተዋወቁም» ይሉና ካልተነኩት ጋር ያደርጓቸዋል።

ሩት የጠየቀችው ሁለት ክምር ነበር፤ ጎረቤቱ የነካውና ያልተነካው። ያኔ ተመራማሪው ሁሉ የሚቆጥረው ጎረቤት ነበርና። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛ ክምር አየች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ይኼማ ቦታ አጣ። ጎረቤት የለውም፤ ካልተነካው ጋር እንዳላደርገው ደግሞ ተነክቷል።»

«ማን ነካው? ማንም የለም አጠገቡ።»

እትዬ ትብለጥ አንዱን ሥዕል አነሱ። ክብ፣ ብቸኛ ጋላክሲ ነው። ራቅ ብሎ ግን እንደ ጭረት የቀጠነ ጅራት ይታያል፤ በሌላው ወገን የተቆረጠ ቀለበት የሚመስል ጥላ አለ። አስጠግተው ካላዩት አይታይም።

«የነካውማ እዚሁ ነው» አሉ። «ገብቶበታል።»

ሩት ሥዕሉን ከእጃቸው ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታን በብርሃኑ ደጋግማ አየችው። ስትመለስ የተናገረችው ለእኔ ነበር። ሁለት ጋላክሲዎች ተጋጭተው አንድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዓመታት በፊት በስሌት ያሳዩ ሰዎች አሉ አለች። ከውሕደቱ በኋላ ጎረቤት አይኖርም፤ የሚቀረው እንዲህ ያለ ጅራትና ቀለበት ነው። ይህ እውነት ከሆነ ጎረቤት የሚቆጥር ሁሉ፣ እሷንም ጨምሮ፣ ዋናዎቹን ይስታቸዋል።

«ይህን ነግረሃቸው ነበር?» አለችኝ።

«እኔ ራሴ አሁን መስማቴ ነው» አልኳት።

ያ ወር ለሩት ቀላል አልነበረም። ውሏ ሊያልቅ ነው። ቋሚ ሆና ትቀጥል ወይስ ትሰናበት የሚለው በኮሚቴ ይወሰናል፤ በኮሚቴው ውስጥ የሚሰማው ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቃል ነው። ፕሮፌሰሩ የግጭቱን ነገር የጊዜው ፋሽን አድርገው ነበር የሚያዩት። ሥራዋን ለማየት አንድ ረቡዕ ጠዋት ክፋር ጋኒም መጡ። ትሑት፣ ንጹሕ ለባሽ ሰው ናቸው። ለእትዬ ትብለጥ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ።

«ሁለት ነበር የተባለው። ይህ ሦስተኛው ምንድን ነው?»

ሩት አስረዳቻቸው። አቋረጧት።

«ብቻቸውን ከሆኑ ብቻቸውን ካሉት ጋር ይግቡ። ይህ የፎቶግራፍ እድፍ ነው፣ ሩት። በደበዘዘ ጥላ ላይ ተነስተሽ ‹ሁለት ነበሩ፣ አንድ ሆኑ› ካልሽ ኮሚቴው ፊት ልደግፍሽ አልችልም። በሁለት ክምር ነይ፤ ቢያንስ እንከራከርበታለን።»

ሩት ወደ እኔ ዘወር ብላ በዝግታ ተናገረች። «ሦስተኛውን ለሁለቱ እንዲያከፋፍሉልኝ ለምንልኝ።»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። የሩት እንጀራ በዚህ እንደሚወሰንም ነገርኳቸው፤ ማወቅ ይገባቸዋል ብዬ ነው። እትዬ ትብለጥ ሩትን አዩዋት። ሲያዩዋት ዓይናቸው ውስጥ ርኅራኄ ነበር። ከዚያ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሩና በዕብራይስጥ፣ በአንዲት ቃል፣ «ሎ» አሏቸው። እንቢ ማለታቸው ነው።

ለእኔ ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «ለልጅቱ አዝናለሁ። ሌላ ብትለምነኝ አደርግላት ነበር። ያየሁትን አላየሁም ግን አልልም። አሁን ደባልቄው እሳት ቢገባ የሚሰነጠቀው በእሷ እጅ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። «በጭቃ ነው የሚፈርዱት? ሰማይ እንስራ አይደለም በላቸው።»

«አውቃለሁ በላቸው። እንስራ ቢሆን ኖሮ መታ አድርጌ በአንድ ጊዜ እነግራቸው ነበር።»

ተረጎምኩ። ሩት አፏን በእጇ ያዘች። ፕሮፌሰሩ ግን አልተቆጡም። ትንሽ አሰቡና ፍትሐዊ ነገር ተናገሩ። ሥዕሎቹን ወስደው በራሳቸው መንገድ ያዘጋጃሉ፤ እትዬ ትብለጥ እንደ አዲስ ይለዩዋቸዋል። ሁለተኛው ልየታ ከአንደኛው ጋር ካልገጠመ ሦስተኛው ክምር ይፈርሳል፣ ሩትም ስለ እሱ ዳግመኛ አታነሳም። ከገጠመ የንቁዎቹ ዝርዝር እዚያው ይከፈታል፤ ያለውም ይታያል።

«በሰደር» አሉ እትዬ ትብለጥ ሳልጨርስላቸው።

ተመልሰው ሲመጡ ሥዕሎቹ ሌላ ነበሩ ማለት ይቻላል። ፕሮፌሰሩ ከጀርባቸው ያለውን ቁጥር በወረቀት ሸፍነዋል። አንዳንዱን ተለቅ፣ አንዳንዱን ነጣ አድርገው አሳትመዋል። ጥቂቶቹን ደግሞ ገልብጠው፣ ቀኙን ግራ አድርገው አምጥተዋል። ሩት ከክፍሉ እንድትወጣ ተደረገ፤ ፊቷን አይተው እንዳይፈርዱ። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ፕሮፌሰሩ ጋዜጣ ይዘው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እትዬ ትብለጥ አውራ ጣታቸውን ዘርግተው ጀመሩ።

ሁለት ጠዋት ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን መሃል ላይ አንድ ሥዕል ይዘው ቆሙ።

«ይህን ከአሁን በፊት አይቼዋለሁ። በመስታወት እንደሚታይ ገልብጠው ነው የመለሱት። ዓይኔ ይሳሳት እንደሆነ ብለው ነው?»

ስተረጉም ፕሮፌሰሩ ሶፋው ላይ ቀና አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጋዜጣቸውን አላነበቡም።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አለቀ። ፕሮፌሰሩ ሽፋኑን እያነሱ ከቀደመው ጋር አመሳከሩ። የማይገባ ውዳሴ እንዳይሆንብኝ፣ ስሕተትም ነበር። ሁለት ሥዕሎች ቦታ ቀይረዋል። አንዱ ላይ ደግሞ እትዬ ትብለጥ ጅራት ያሉት ፎቶግራፉ የተነሳበት የመስታወት ሰሌዳ ላይ የነበረ ጭረት ሆኖ ተገኘ፤ ፕሮፌሰሩ ዋናውን ሰሌዳ ያውቁታል።

«በዚችኛዋ አሸንፈውኛል» አሉ እትዬ፣ ወረቀቱን እያገላበጡ። «ጥፋቱ የወረቀቱ እንጂ የዕቃው አይደለም። ከእንግዲህ አልስተውም።»

የቀረው ሁሉ ገጠመ። ፕሮፌሰሩ ተነስተው የወጥ ቤቱን በር ራሳቸው ከፈቱላት። «ዝርዝሩን አምጪው» አሏት።

ሩት ቁጥሩን ታነባለች። ፕሮፌሰሩ ንቁ የተባለውን ሁሉ በቀይ እርሳስ ነጥብ ያደርጉበታል። ካልተነኩት ተጀመረ፤ ቀዩ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ነው። ከጎረቤታቸው ጋር የተነካኩት ላይ በዛ ይላል። ሦስተኛው ክምር ላይ ሲደርሱ ሩት ማንበብ ቀጠለች፣ ፕሮፌሰሩም ነጥብ ማድረግ ቀጠሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ እርሳሱን ከወረቀቱ ለማንሳት ጊዜ ያገኙ አይመስሉም። ሲጨርሱ ሥዕሎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸው። ቀዩ በአንድ ወገን ነበር። ለማየት የሒሳብ ሰው መሆን አያስፈልግም። ፕሮፌሰሩ ግን ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«ምን ሆኑ?» አሉኝ እትዬ።

«ቀይ ያለበት መሃሉ እሳት ያለበት ነው፣ እትዬ። እርስዎ ‹ገብቶበታል› ያሏቸው አብዛኞቹ እሳት አላቸው።»

«እሳቱ ምን ይበላል?»

ሩትን ጠየቅኳት። «ጋዝ» አለች። «ሁለቱ ሲዋሐዱ የነበረው ሥርዓት ይፈርሳል። በዙሪያው ሲዞር የነበረው ጋዝ መንገዱን ስቶ ወደ መሃል ይወድቃል። የሚበላው እሱን ነው። ጠርዙ ላይ ያዩት ጅራት የግጭቱ ምልክት ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው እሳት የዚያው ግጭት ውጤት ነው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ነው» አሉ እትዬ ትብለጥ። «እኔ ጠርዙን አየሁ፣ እሷ መሃሉን አየች።»

እዚህ ላይ እንደ ዘጋቢ አንድ ነገር መግለጽ አለብኝ። ያ ቀን ጥያቄውን አልዘጋውም። ሥዕሎቹ ጥቂት ናቸው፣ መጀመሪያ ይህን የተናገረችው ራሷ ሩት ነች። ከዚያ በኋላ በተሻሉ መሣሪያዎች ብዙ ተመራማሪዎች ገቡበት። ምንም ጠባሳ የሌላቸው ንቁ እምብርቶች ሞልተዋል፤ ተጋጭተው ጸጥ ያሉም አሉ። ግጭት እምብርትን ከሚቀሰቅሱት ምክንያቶች አንዱ ነው፣ ምን ያህል ዋና እንደሆነ ግን እስካሁን ይከራከሩበታል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተረጋገጠው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለሦስታቸው ግን በቂ ነበር። ሦስተኛው ክምር እውነተኛ ክምር ነው። ፕሮፌሰሩ ለኮሚቴው የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉ፣ ሩት ቋሚ ሆነች። ሥራው ሲታተም «ሥዕሎቹን የለየችው» ከሚለው ቃል አጠገብ የሸክላ ሠሪዋ የወይዘሮ ትብለጥ ስም ተጻፈ። ይህ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው። የዚያን ቀኑን ልጨርስ።

ሩት አልቅሳ ፊቷን ልትታጠብ ሄዳለች። ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛው ጋ ብቻቸውን ቆመው ከሦስተኛው ክምር አንድ ሥዕል አነሱ። ወደ ብርሃኑ አቀረቡት፣ አራቁት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

«አርባ ዓመት እነዚህን ሳይ ኖሬያለሁ» አሉ። «እዚህ ላይ ምንም አይታየኝም። እባክህ፣ ይህን ማየት ለመማር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኳቸው። እትዬ ትብለጥ ሰውየውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው።

«እናቴ እኔን ለማስተማር ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል» አሉ። «እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ቶሎ ይቀመጡ በላቸው።»

ወንበሩንም ራሳቸው ሳቡላቸው።